ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ዲግሪ ምን ይፈይዳል?

በዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ወላጆች ልጃችን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት እሆናለሁ ሲለን ደስ ይለናል። «የሕዝብ ግንኙነት አጠናለሁ» ሲለን ግን «ለእሱም ዲግሪ ያስፈልገዋል እንዴ?» እንላለን። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በአሜሪካ ጠበቃና ነርስ ያለ ፈቃድ አይሠሩም፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያን ግን ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ሙያውን ከመሠረቱት አንዱ የሚባለው ኤድዋርድ በርኔይስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1912 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በግብርና ነበር።

ታዲያ ዲግሪው ከንቱ ነው ማለት ነው? በርኔይስን እየጠቀሱ «ተሰጥኦ ካለ ይበቃል» የሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ሰውዬው የሲግመንድ ፍሮይድ የእህት ልጅ ነበር፤ በአጎቱም ስም በሚገባ ተጠቅሟል። የብዙዎቹ ልጆቻችን አጎት ግን ታክሲ ይነዳል ወይም ፓርኪንግ ይሠራል። ሥራው ክቡር ነው፤ የጋዜጣ አዘጋጅ ዘንድ ግን አያስገባም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አጎት የሚሆነው ትምህርት ቤቱ ነው። ከዩ ስትሪት በእግር የሚደረስበት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት አለው። መምህሩ ሰው ያውቃል፤ ቀድሞ የተመረቀው ልጅ ለልምምድ ቦታ ይጠቁማል። በነገራችን ላይ ቀጣሪዎች ባብዛኛው የሚፈልጉት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ጋዜጠኝነትም ሆነ እንግሊዝኛ ያስኬዳል። ሥራውን ሳይቀምሱ ለማስተርስ ዕዳ ውስጥ መግባትን በበኩሌ አልመክርም።

ትምህርቱ ራሱስ? ብዙዎቻችን የመግለጫ አጻጻፍ ብቻ ይመስለናል። ከመግለጫው በፊት ግን የሚመለከተውን ሕዝብ ማጥናት ይቀድማል። የዚህን ክብደት እዚሁ ደጃችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከዩ ስትሪት እስከ ቲ ስትሪት ያለው የ9ኛው ጎዳና ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» እንዲባል ጠይቀው ነበር። በሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ጎዳና ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2002 አግኝቷል። ዩ ስትሪት ግን ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ በዘመኑ «ብላክ ብሮድዌይ» ይባል የነበረ ሰፈር ነው። ነባሮቹ የሻው ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ ስያሜውም በዚያን ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ።

ተቃውሞው እንጀራችንን ወይም ቡናችንን ከመጥላት የመጣ አልነበረም፤ ጥያቄው የማን ታሪክ ይቀድማል የሚል ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ እኛ የሚባለውን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። በደንብ የተማረ ባለሙያ ወደ ከተማው ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት የነባሮቹን ቤተ ክርስቲያናትና የሰፈር ስብሰባዎች ያዳርሳል። ምን እንደሚያሳስባቸው ይጠይቃል። ምናልባትም ሁለቱንም ታሪኮች የሚያስተናግድ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ይህንን ዕድር የመሩ አባቶችም ያውቁበታል። ዲግሪ ያለው ልጅ የሚጨምርላቸው፣ የሰማውን አጥርቶ ምክር ቤቱም ጋዜጠኛውም በሚያነቡት መልክ ጽፎ ማቅረቡን ነው።