ፍርሃት በጠርሙስ ሲሸጥ

ዕቃው ገበያ ያጣ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል፤ ካልሆነም ጥራት ይጨምራል። የአሜሪካው ላምበርት ፋርማካል ግን ሌላ መላ ዘየደ። መድኃኒቱን እንዳለ ትቶ ለመድኃኒቱ የሚሆን በሽታ ፈለገለት።

ሊስትሪን እ.ኤ.አ. በ1879 ሲቀመም ለቀዶ ሕክምና የታሰበ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ነበር። ስያሜውንም ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆሴፍ ሊስተር ነው። በ1914 ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለሕዝብ መሸጥ ቢጀምርም ገበያው እምብዛም አልደራለትም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጄራርድ ላምበርት ከማስታወቂያ ሠራተኞቻቸው ጋር ሲመክሩ «ሃሊቶሲስ» የሚል የሕክምና ቃል አገኙ። ትርጉሙ መጥፎ የአፍ ጠረን ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሆኖም አፍ ይሸታል ማለት ነውር ሲሆን ሃሊቶሲስ ይዞታል ማለት ግን የተማረ ሰው ወሬ ሆነ።

በየመጽሔቱ የወጡት ማስታወቂያዎች ስለ ፈሳሹ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ጓደኞቿን ሁሉ ድራ ራሷ ግን ባል ስላጣች ቆንጆ ልጅ ነው። ጉድለቷን እሷ አታውቀውም፤ የቅርብ ወዳጅም አይነግራትም። የማስታወቂያው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱን ትንፋሽ አሽትቶ ማረጋገጥ ያቅተዋል። ወዳጁን እንዳይጠይቅ «ወዳጅም አይነግርህም» ተብሏል። ስለዚህ «አትሸትም» ቢሉትም አያምን፣ ዝም ቢሉትም ይጠረጥራል። ጠርሙሱን ከመግዛት በቀር መውጫ የለውም። ሊስትሪንም እንደ ጉድ ተሸጠ።

ኩባንያው ግን በዚህ አልረካም። ከ1921 ጀምሮ ሊስትሪን ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም ይከላከላል እያለ ለአምስት አሥርት ዓመታት አስነገረ። በስተኋላ ዋርነር ላምበርት በሚል ስም ይሠራ የነበረውን ይህን ኩባንያ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰሰው፤ በአፍ የተጉመጠመጠ ፈሳሽ ጉንፋን ወደሚይዝበት ቦታ በበቂ መጠን እንደማይደርስም ተረጋገጠ። ኮሚሽኑ በ1975 የሰጠው ትዕዛዝ ታዲያ «ተው» በማለት ብቻ አላበቃም። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለማስታወቂያ እስኪያወጣ ድረስ ሊስትሪን ጉንፋንም ሆነ የጉሮሮ ሕመም እንደማይከላከል በራሱ ማስታወቂያ እንዲናገር ፈረደበት።

ኩባንያው ይግባኝ አለ። በ1977 የይግባኙ ፍርድ ቤት ትዕዛዙን አጸና፤ «ከቀድሞው ማስታወቂያ በተቃራኒ» የምትለዋ ሐረግ ግን ኩባንያውን ከማዋረድ ሌላ ጥቅም የላትም ብሎ አስወጣት። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

ማረሚያውም በቴሌቪዥን ቀረበ። ሊስትሪን ጉንፋን እንደማይከላከል በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነገረና፣ ወዲያው የሽንኩርት ጠረንን እንዴት እንደሚያጠፋ ተተረከ። የጉንፋኑ እምነት በሸማቹ ዘንድ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።