ፍሬን ከመበጠሱ በፊት ምን ይላል?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መኪና አወዳይንና ሐረማያን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ፣ ሥራው ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ ይዛወራል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ገደማ ላይ ናቸው። ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር እንኳ ይህን ተራራ ለመውጣት ስላልደፈረ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. እታች ቆላው ላይ ደረሰ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። ባቡሩ የሸሸውን ቁልቁለት ዛሬ ሚኒባሱም አይሱዙውም ጭነቱን ይዞ ይወርደዋል።

ፔዳሉን ሲረግጡ በፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይገፋል። ዘይት ስለማይታመቅ ግፊቱ በቧንቧው በኩል እስከ ጎማው ይደርስና ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ሰበቃው የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ ቀላል እንዳይመስልዎ፦ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩና ነፋሱ ካላገዙት ይህን ሁሉ የሚሸከሙት አራት ጎማ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሸራዎች ናቸው።

ሸራ ሲያልቅ ይናገራል። ብዙ የዲስክ ሸራዎች ሲሳሱ ዲስኩን እየነካ የሚጮህ ቀጭን ብረት አላቸው፤ ሲጢጥ የሚለው ድምፅ የእሱ ነው። ጠዋት ጤዛ ላይ አንዴ ጮሆ ዝም ካለ ግን አያስጨንቅም። ድምፁ ወደ ክርክርታ ከተለወጠ ብረት ብረትን እየበላ ነውና፣ በሸራ ዋጋ የሚያልቀው ጥገና ዲስክ መግዛትን ወይም ታምቡሩን ቶርኖ ቤት መውሰድን ይጨምራል። ሐረር ይህን ድምፅ ለመስማት የሚመች ከተማ ነው፦ ጀጎል ውስጥ ወደ ፈረስ መጋላ ሲነዱ መስኮቱን ዝቅ ያድርጉ፤ የግንቡ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ያሰማዎታል።

መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ከሳበ ብዙ ሰው የሚያስፈታው የሚስበውን ጎማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የታመመው ተቃራኒው ነው፤ ሸራው ዘይት ነክቶት ወይም ፒስተኑ ደርቆ አልይዝ ብሏል። ፔዳሉ እግር ስር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ባዶውን እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ለወራት ደህና የነበረ ፍሬን ደንገጎ ላይ የሚከዳው በዚህ ነው። ቀዝቅዞ ጋራዥ ሲደርስ ፔዳሉ ተመልሶ ስለሚጠነክር መካኒኩ «ምንም የለውም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ መጉደሉን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ይጠይቁ፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ከጎደለም ከላይ ሞልቶ መሄድ መፍትሔ አይደለም፦ ወይ ሸራው ሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ከመነሳትዎ በፊት ፔዳሉን ረግጠው ሞተሩን ያስነሱ፤ ለግማሽ ደቂቃም እንደረገጡ ይያዙት። ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤና ነው። እግርዎ ስር ቀስ እያለ መስመጡን ከቀጠለ ግን መኪናው ወደ መካኒክ እንጂ ወደ ድሬዳዋ አይሂድ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከባድ ማርሽ ያስገቡ፣ ሞተሩ ይያዘው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ መልቀቅ ሸክሙን ሁሉ ለሸራው መስጠት ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎ ዳር ይዘው ይቁሙና ያቀዝቅዙት። በጋለው ታምቡር ላይ ግን ውሃ አያፍስሱ፣ ይሰነጠቃል።