ወደ ደቡብ አሜሪካ ገበያ ለሚገቡ ድርጅቶች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድጋፍ ምን ይሸፍናል?

ቁንዝላ በሰሜን አቸፈር ወረዳ፣ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ባለው የጀልባ መሥመር ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ የሚሠራ ነጋዴ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ምርቱን ወደ ሩቅ ሀገር ለመላክ ሲያስብ በቅድሚያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ወሬ ነው፦ ለላኪዎች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ፈንድ አለ፣ ቅጽ መሙላት ብቻ ይበቃል የሚል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥና በምን ላይ እንደሚውል ሳይለይ የተነሣ ድርጅት ጊዜውንም ጥሪቱንም ሊያጣ ይችላል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ እንዲህ ያለ ድጋፍ የገንዘቡን ባለቤት ገበያ የሚከተል መሆኑ ነው። የኔዘርላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ያቋቋመው ሲቢአይ የታዳጊ ሀገራትን ላኪዎች የሚያሠለጥነው ምርታቸውን ወደ አውሮፓ እንዲያስገቡ ነው፤ የጀርመኑ ኢምፖርት ፕሮሞሽን ዴስክም በኢትዮጵያ የሚሠራው አቅራቢዎችን ከአውሮፓ አስመጪዎች ጋር ለማገናኘት ነው። አል-ኢንቨስት የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ደግሞ ስሙ ከላቲን አሜሪካ ጋር ቢነሣም የሚያግዘው የዚያኑ አካባቢ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ነው። የብራዚሉ አፔክስና የኮሎምቢያው ፕሮኮሎምቢያም የቆሙት በዋናነት ለራሳቸው ሀገር ላኪዎች ሲሆን፣ እነርሱን ማነጋገር ይበልጥ የሚጠቅመው ከዚያ ዕቃ ለማስመጣት ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ነው። በመሆኑም ከጣና ዳርቻ ወደ ሳንቲያጎ ወይም ወደ ቦነስ አይረስ የሚልክ ድርጅት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይሰጠኛል በሚል ተስፋ ዕቅድ ባያወጣ ይመረጣል።

ከዚህ ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ፣ ገንዘብ ያልሆነ ነገር ግን ገንዘብ የሚያወጣ ድጋፍ አለ። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2014 መጨረሻ ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ ሀገራት የሚገቡ ዕቃዎችን ከቀረጥና ከኮታ ነፃ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ ሀገራት አንዷ ናት። ዕድሉ 99.5 በመቶ የሚሆኑትን የታሪፍ መሥመሮች የሚሸፍን ሲሆን ስንዴ፣ የስንዴ ዱቄትና ስኳር አይካተቱም። የቺሊ መደበኛ የገቢ ቀረጥ 6 በመቶ ስለሆነ፣ ዋጋው 50,000 ዶላር የሆነ ጭነት 3,000 ዶላር ከመክፈል ይድናል ማለት ነው። 19 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን እንዳለ ይቀራል። ብራዚል፣ ኮሎምቢያና ፔሩም ከቺሊ ጋር ባላቸው የንግድ ስምምነት መሠረት ቀረጥ ሳይከፍሉ ስለሚያስገቡ፣ ይህ መብት ኢትዮጵያዊውን ላኪ ከእነርሱ ጋር ያስተካክለዋል እንጂ አያስቀድመውም። መብቱን ለመጠቀም የትውልድ ሀገር ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በቺሊ ጉምሩክ ተቀባይነት ያለው ቅጽ የትኛው እንደሆነና የማን ማኅተም እንደሚጠየቅ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አስመጪው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይገባል።

የምርቱ ምርጫ ከድጋፉ ይቀድማል። የጣና ዳርቻ በዘጌ ቡናው ይታወቃል፤ በአካባቢው የአበባ እርሻዎችም ተቋቁመዋል። ነገር ግን ቡና ይዞ ወደ ብራዚል መሄድ ጨው ይዞ ወደ አፋር እንደመውረድ ነው፤ ኢኳዶርና ኮሎምቢያም በዓለም የአበባ ገበያ ግንባር ቀደም አቅራቢዎች ናቸው። በአንጻሩ ቺሊና አርጀንቲና የሚጠጡትን ቡና በአመዛኙ ከውጭ የሚያስገቡ ሀገራት ስለሆኑ፣ በልዩ ጣዕሙ የሚፈለግ ኢትዮጵያዊ ቡና በአነስተኛ መጠንም ቢሆን ገዥ ሊያገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2005 ዓ.ም. ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቦነስ አይረስ በረራ መጀመሩ ናሙና ለመላክና ገዥን በአካል ለማግኘት መንገዱን አሳጥሯል። ጅምላ ጭነት ግን በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚሄድ በመሆኑ፣ የጉዞው ጊዜና የማጓጓዣው ዋጋ በቅድሚያ መሰላት አለባቸው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብራዚል ያለችበት የብሪክስ አባል ብትሆንም አባልነቱ በራሱ ቀረጥ አይቀንስም።

የገበያ መረጃ ለማግኘት መቀመጫውን በጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል ጠቃሚ ነው። የተባበሩት መንግሥታትና የዓለም ንግድ ድርጅት የጋራ ተቋም የሆነው ይህ ማዕከል ትሬድ ማፕ በተባለው የመረጃ ቋቱ የትኛው ሀገር ምን፣ ከማን፣ በስንት እንደሚገዛ ያሳያል። ብድርን በተመለከተ፣ መቀመጫው ካይሮ የሆነው አፍሪኤግዚምባንክ የወጪ ንግድን የሚደግፍ ቢሆንም አነስተኛ ላኪዎች ከመሰል ባንኮች ብድር የሚያገኙት በአብዛኛው በሀገር ውስጥ ባንኮች በኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውይይት ድርጅቱ ሒሳብ ከከፈተበት ባንክ ጋር ይሆናል።

በየጊዜው የሚወጡ የተጋሪ ድጋፍ ፕሮግራሞች ሌላው አማራጭ ናቸው። የተጋሪ ድጋፍ ሲባል ወጪውን ለጋሹና ድርጅቱ ይካፈሉታል ማለት ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ የአበባ ልማት በተጀመረባቸው ዓመታት የኔዘርላንዱ ፒሶም የውጭና የኢትዮጵያ ድርጅቶች በሽርክና ያቀረቧቸውን ፕሮጀክቶች የወጪ ድርሻ ሸፍኗል፤ ቀሪው ከባለቤቶቹ የሚጠበቅ ነበር። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚከፍሉት ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። የሚሸፍኑትም የላቦራቶሪ ምርመራን፣ የጥራት ምስክር ወረቀትን፣ የናሙና መላኪያንና የንግድ ትርዒት ተሳትፎን የመሳሰሉ ወጪዎችን ነው። ምርት መግዣ፣ የቆየ ዕዳ ወይም መደበኛ ደመወዝ በአብዛኛው አይካተትም። ወጪውን በቅድሚያ የሚሸፍንበት ገንዘብ የሌለው ማኅበር ድጋፉ ቢፈቀድለት እንኳ ላይጠቀምበት ይችላል።

ከቁንዝላና ከአካባቢዋ የሚነሣ መሠረታዊ ማኅበር ለብቻው ከማመልከት ይልቅ መቀመጫውን ባሕር ዳር እንዳደረገው መርከብ ባሉ ዩኒየኖች በኩል ቢቀርብ ይመረጣል፤ አንድ ኮንቴይነር መሙላት የሚቻለውም የብዙ አባላት ምርት ሲሰበሰብ ነው። በማንኛውም ማመልከቻ ላይ የጸና የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሒሳብ መግለጫና ከተቻለ ከገዥ የተገኘ የፍላጎት ደብዳቤ ይጠየቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ ሆኖም ማመልከቻውን የሚያጠነክረው እርሱ ነው።

የእውነተኛ ፕሮግራም ጥሪ በለጋሹ ተቋም ይፋዊ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ክፍያ ቢኖርበት እንኳ በተቋሙ ስም በተከፈተ ሒሳብ የሚፈጸምና ደረሰኝ ያለው ነው። «ለምዝገባ»፣ «ለማስፈቀጃ» ወይም «ለቪዛ ማፋጠኛ» በሚል በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ገንዘብ እንዲላክ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው የፕሮግራሙ ወኪል ነኝ ቢልም ሊታመን አይገባም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ተገልጋይ ከመክፈሉ በፊት የመልእክቱን ቅጂ ይዞ በወረዳው ወይም በዞኑ ንግድ ጽሕፈት ቤት ማጣራት፣ ከከፈለም ሳይዘገይ ለፖሊስና ለባንኩ ማሳወቅ አለበት።