ቋሊማና ባስተርማ ለድመትና ለውሻ ይስማማልን?

ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ሙቀቱ የበረታ ስለሆነ፥ ያልታረመ ሥጋ ብዙ ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ ሱዳናውያን ከጥንት ጀምሮ ሥጋን ዘልዝለው በፀሐይ ያደርቃሉ፤ ይህም የእኛን ቋንጣ ይመስላል። ባስተርማ፥ ቋሊማና የቆርቆሮ ሥጋም በገበታ የታወቁ ናቸው፤ የተረፈውንም ለቤት እንስሳ መስጠት የተለመደ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰቦች ሲሸሹ፥ ድመቶችና ውሾች በባዶ ቤት ቀሩ። ትኩስ ሥጋ በማይገኝበት ሰዓት የተራበ እንስሳ ያየ ሰው ቆርቆሮውን ከፍቶ ቢያካፍል የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ቸርነቱ ወደ ሕመም እንዳይለወጥ፥ በሥጋው የተጨመረውን ማወቅ ይገባል።

አንደኛው ጨው ነው። ሥጋውን ከመበላሸት የሚጠብቀው ጨው እንስሳውን ያስጠማዋል፤ ሲበዛም ያስታውከዋል፥ ያንቀጠቅጠዋል። የድመት ዘር የመጣው በረሃ ከለመደ የዱር ድመት ስለሆነ፥ ውሃ የምትጠጣው በጥቂቱ ነው። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፥ ሰውነቷ የበረሃውን ልማድ አልተወም።

ሁለተኛው ሽንኩርት ነው። ባስተርማ በነጭ ሽንኩርት ይለወሳል፤ በብዙ ቋሊማም ይገባል። ቀዩም ሆነ ነጩ ሽንኩርት የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። ጕዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ እንስሳው ይደክማል፥ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱ ይጠቍራል። ያን ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስብ ነው፤ ሲበዛ በተለይ የውሻን ቆሽት ያሳብጣል።

አንድ ቍራጭ ቋሊማ ጤነኛውን ትልቅ ውሻ አይጥለው ይሆናል፤ በየቀኑ ሲሰጥ ግን ጕዳቱ ይከማቻል። ስለዚህ የቤት እመቤት ወጡን ከመቀመሟ በፊት ጥቂት ሥጋ ለብቻ ቀቅላ፥ አጥንቱን አውጥታ፥ ከንጹሕ ውሃ ጋር ታቅርብለት። ከቆርቆሮ ሥጋ በቀር ሌላ ከታጣ፥ ሽንኩርት እንደሌለበት ጽሑፉን አንብቦ፥ በውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ጨውን ይቀንሳል። ብዙ ቀን የተራበውን እንስሳ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከማጥገብ ይልቅ ጥቂት በጥቂት መመገብ ይሻላል።

እንስሳ የቀረበለትን ይበላል እንጂ የሚስማማውን ጠይቆ አይመርጥም፤ የሚመርጥለት አሳዳሪው ነው።