ቤቱን አስቀድሜ ልየው ለሚል እንግዳ የሚገባው መልስ

እንግዳን ተቀብሎ ማሳደር ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞው ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር እንጂ «የማድርበትን ስፍራ አስቀድማችሁ አሳዩኝ» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ማደሪያው ቢጠብበትም፣ ጢሱ ቢበዛበትም፣ ያለ ዋጋ የተሰጠው ስለ ሆነ ማለዳ ተነሥቶ፣ ባለቤቶቹን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ካቋቋሙ ወዲህ ግን ማደሪያም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በገንዘብ የሚገኝ መሆኑን የከተማው ሰው እያደር ለመደው። በገንዘብ የሚገኘውን ነገር ደግሞ ገዢው ሳያይ ሊገዛው አይወድም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በአያትና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ ቤተ ሰቦች አልጋው፣ ወንበሩና የወጥ ቤቱ ዕቃ የተሟላለትን፣ ሰው «ፈርኒሽድ» እያለ የሚጠራውን ቤት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያከራያሉ። ከተከራዮቹም መካከል ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለዘመድ ሠርግ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወገኖቻችን፣ በሽተኛ ለማሳከም ከክፍለ አገር የሚገቡ ሰዎች፣ ለስብሰባ የሚላኩ ሠራተኞች ይገኛሉ። እንዲህ ያለው እንግዳ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «ቤቱን አስቀድሜ ልየው» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይም ራሱ በሩቅ አገር ስላለ «አክስቴ መጥታ ትይልኝ» ብሎ ቢልክ፣ ባለቤቱ ምን ሊመልስ ይገባዋል?

በዚህ ጉዳይ ባለቤቶች በሁለት መንገድ ሲስቱ እናያለን። አንዳንዶቹ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቈጥረው ይቈጣሉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ «ቃሌን ያላመነ እንግዳ ቢቀርብኝ ይሻላል» ብለው በሩን ይዘጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ እንግዳው እንዳያመልጣቸው በመቸኰል ማንነቱን ሳይጠይቁ፣ ቀጠሮም ሳይወስኑ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተው «ማንም ቢመጣ አሳየው» ይላሉ። የመጀመሪያው ጨዋ እንግዳ ያጣል፤ ሁለተኛው ንብረቱን፣ አልፎም መልካም ስሙን ያጣል። የእኛ አሳብ ግን ይህ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ሥርዐት ይፈልጋል፣ ሥርዐቱም ጠያቂው ከመምጣቱ አስቀድሞ በቤተ ሰቡ መካከል ተወስኖ መቈየት ይገባዋል።

ጥያቄው ተገቢ የሆነበትን ምክንያት እንመልከት። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» እንደ ተባለው፣ ሰው የሚረካው ባየው ነገር ነው። ፎቶግራፍ ግን ከሚያሳየው የሚሰውረው ይበዛል። ጠባቡ ክፍል ከማዕዘን ተነሥቶ አዳራሽ ይመስላል። ውሃው በፈረቃ የሚመጣ መሆኑ፣ ሮቶ መኖርና አለመኖሩ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚነሣ መሆኑ፣ አሳንሰሩ የሚሠራ መሆኑ፣ በጎረቤት የሚሠራው ሕንፃ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ መሆኑ በፎቶግራፍ አይታወቅም። ጉልበቷን የሚያማትን እናቱን ለሕክምና የሚያመጣ ልጅ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ፣ መታጠቢያ ቤቱም የሚያዳልጥ መሆን አለመሆኑን ልይ ቢል፣ ይህ ባለቤቱን መናቅ ሳይሆን እናትን ማክበር ነው።

ከዚህም በላይ በሌለ ቤት ቀብድ የሚቀበሉ አታላዮች በየአገሩ ተነሥተዋል። ማደሪያ ፈላጊንና ባለቤትን በኢንተርኔት የሚያገናኘው፣ በ2008 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኤርቢኤንቢ የተባለው ኩባንያ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በ2019 በዚያው አቈጣጠር በስሙ የሚደረገው የማታለል ሥራ በጋዜጠኞች ከተገለጠ በኋላ፣ በመዝገቡ ያሉትን 7 ሚሊዮን ያህል ማደሪያዎች በሙሉ እንደሚያረጋግጥ አስታወቀ። እንግዲህ ትልቁ ኩባንያ እንዲህ ከተቸገረ፣ አንድ መንገደኛ ቢጠራጠር የሚያስወቅሰው አይደለም።

ይሁን እንጂ በዓይን ማየት ብቻውን ከማታለል አያድንም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ሆነን ከተመለከትናቸው ጉዳዮች አንዱን፣ የማንንም ስም ሳንጠራ፣ ለአንባቢዎቻችን እንንገር። አንድ ሰው የአንዲት ባልቴትን ቤት ለ3 ቀን ተከራየ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ራሱን ባለቤት አስመስሎ፣ በደላላ አማካይነት የመጡለትን ሰዎች እየተቀበለ ቤቱን ክፍል በክፍል አሳያቸው፤ ቡናም አፈላላቸው። ከእያንዳንዳቸው ቀብድ ተቀብሎ በ3ኛው ቀን ተሰወረ። ከሳምንት በኋላ 4 ቤተ ሰቦች ሻንጣቸውን ይዘው በአንድ ቀን ከባልቴቲቱ ደጅ ተገናኙ። እርሷም ያላየችውን ገንዘብ በላሽ ተብላ ከችሎት ቆመች። ሰዎቹ ቤቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ በወንበሩም ተቀምጠዋል፤ ያላዩት ነገር ቢኖር የሰውየውን ሥልጣን ነው። ባልቴቲቱም በመጨረሻ ነጻ ብትወጣ፣ በሰፈሩ አፍ የወደቀው ስሟ በፍርድ ወረቀት ብቻ አልተመለሰላትም።

ስለዚህ ቤት ማሳየት ማለት እንግዳው ቤቱን፣ ባለቤቱ እንግዳውን፣ እንግዳውም ባለቤቱን የሚያይበት የጋራ ምርመራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ማሳየቱ ከንቱ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ኩባንያ በሩቅ ላሉ ሰዎች ያበጀው ዘዴ ከዚህ የተለየ ነው። የቤቱ ትክክለኛ አድራሻ ለእንግዳው የሚገለጠው ኪራዩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሰፈሩ ብቻ ነው። የእንግዳው ገንዘብም ለባለቤቱ የሚላከው እንግዳው ገብቶ 24 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። አስቀድሞ ማየት የቀረውን እንግዳ፣ ገብቶ ካየ በኋላ አቤት የማለት ዕድል እንዲኖረው አደረጉ ማለት ነው። ቤቱን በዚህ መንገድ የሚያከራይ ባለቤት የኩባንያውን ደንብ ጠንቅቆ ያንብብ፤ ከደንቡ ውጭ በስልክ ተቃጥሮ ማሳየት ዋስትናውን ሊያሳጣው ይችላልና። በዘመድ፣ በወዳጅ ወይም በደላላ የሚያከራይ ሰው ግን ይህን የመሰለ አስታራቂ ስለሌለው፣ ደንቡን ራሱ ማውጣት ግድ ይሆንበታል።

የደንቡም መጀመሪያ ልክን መወሰን ነው። ለ1 ወይም ለ2 ሌሊት ለሚያድር ሰው ቤት ማሳየት ድካሙ ከኪራዩ ይበልጣል፤ ለእርሱ ያልተቀባባ ፎቶግራፍና የተጻፈ መግለጫ ይበቃዋል። ለሳምንት ለሚቀመጥ እንግዳ፣ ሩቅም ቢሆን፣ በስልክ እየተያዩ ክፍሎቹን በቀጥታ ማሳየት ጥሩ ነው፤ ውሃውን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በመስኮት ያለውን መንገድ ጭምር ማሳየት ይቻላልና። ለወር ወይም ከዚያ በላይ ለሚከራይ፣ ለሠርግ ብዙ ሰው ለሚያሳድር፣ በሽተኛ ወይም ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ ግን በአካል ማሳየት ይገባል። ይህም ካልተመቸ አንድ ሌሊት ከፍሎ አድሮ እንዲያየው መፍቀድ ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

በአካል በሚታይበት ጊዜ የሚከተለው ይጠበቅ። 1ኛ፣ ጠያቂው ስሙን፣ የሚመጡትን ሰዎች ቊጥር፣ የሚቀመጥበትን ቀንና ምክንያቱን አስቀድሞ ይናገር፤ ሲመጣም መታወቂያውን ያሳይ፤ ባለቤቱም የራሱን መታወቂያና ቤቱ የእርሱ ስለ መሆኑ ወይም ለማከራየት ስለ መወከሉ ማስረጃ ያሳየው። 2ኛ፣ ቀጠሮው በቀን ብርሃን፣ ቤቱ ከጸዳ በኋላ፣ የመጀመሪያው እንግዳ ወጥቶ ሁለተኛው ሳይገባ ይሁን። 3ኛ፣ የሚያሳየው ሰው ብቻውን አይሁን፤ ይልቁንም ሴት ልጅን ወይም የቤት ሠራተኛን ብቻዋን ከማያውቁት ሰው ጋራ ወደ ባዶ ቤት መላክ ፈጽሞ አይገባም። 4ኛ፣ ትርፍ ቁልፍ፣ ሰነድና ጌጥ ተቈልፎበት ይቈይ። 5ኛ፣ የቤቱ ጉድለት ከውበቱ ጋራ ይነገር። «ውሃ በሳምንት በእነዚህ ቀናት ብቻ ይመጣል፤ ሮቶ ግን አለን፤ ውሻው ሌሊት ይጮኻል» ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ባለቤት ኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል። በግቢው ካሜራ ካለም ይነገር፤ በቤቱ ውስጥ ካሜራ ማድረግን ከላይ ያነሣነው ኩባንያ እንኳ ከ2024 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ጀምሮ ከልክሎታል።

በተለይ የምናሳስበው ነገር ግን አንድ ነው። በቤቱ ውስጥ እንግዳ እያለ ሌላ ጠያቂ ይዞ መግባት ታላቅ ነውር ነው። ኪራዩን የከፈለ ሰው እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ያ ቤት መኖሪያው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የግል ሕይወት መከበር የሚገባው መሆኑን ደንግገዋል። ባለቤት ነኝና በቤቴ ምን ይከለክለኛል የሚል ሰው ቢኖር፣ እርሱ በሰው አገር አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ በሩ ተከፍቶ የማያውቃቸው ሰዎች ሲገቡ ምን እንደሚሰማው ያስብ። እንግዳው ራሱ ወዶ ከፈቀደ ግን ሰዓቱን እርሱ ይወስን። ለዘበኛውም ቢሆን፣ ለጥቂት ቀን የገባ እንግዳ ያልተነገሩ ሰዎችን እያመላለሰ ቤት ሲያሳይ ቢያይ ፈጥኖ እንዲያስታውቅ ይነገረው፤ ያቺ ባልቴት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ከችሎት ባልቆመች ነበር።

ስለ ገንዘብም ጥቂት እንናገር። እንግዳው ቤቱን ሳያይ ቀብድ አምጣ ማለት ጥርጣሬ ያመጣል፤ ካየ በኋላም እዚያው ቆሞ ሳያስብ እንዲከፍል ማጣደፍ አይገባም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና። ከተስማሙ በኋላ ግን ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ በባለቤቱ ስም ይግባ፤ ቀኑ፣ ዋጋውና የሰዎቹ ቊጥር በጽሑፍ ይስፈር። የቀብድ ነገር በሕግ ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለም ቢተው እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ ለአንዱ ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ ዋጋ ላመጣ ለሌላው ቤቱን ማሳየት የክብርም የገንዘብም ኪሳራ ነው።

ጥያቄውን ለመቀበል የማይመች ጊዜ ሲያጋጥምም መልሱ ለዛ ያለው ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦ «ቤቱን ለማየት መፈለግዎ ተገቢ ነው። አሁን ግን ሌላ እንግዳ ስላለበት ዕረፍቱን ልነሣው አልችልም። ዓርብ በ8 ሰዓት ስለሚለቀቅ ቅዳሜ በ4 ሰዓት ቢመጡ ወይም የሚያምኑትን ሰው ቢልኩ በደስታ አሳያለሁ። እስከዚያ ድረስ ክፍሎቹን የሚያሳይ ሥዕል ልኬልዎታለሁ።» እንዲህ ያለውን መልስ ያነበበ ጨዋ ሰው አይቀየምም። እንዲያውም ለዛሬው እንግዳ ያልተደፈረው በር ነገ ለእርሱም የማይደፈር መሆኑን ይረዳል። ይህን ሰምቶ የሚቈጣ፣ «አሁኑኑ ካላየሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ቢገኝ ግን፣ ባለቤቱ ኪራዩን ሳይቀበል ጠባዩን ስላወቀ ሊደሰት ይገባዋል።

የቤት እመቤቶችና የቤት ጌቶች ሆይ፤ ቤቱን ልየው የሚል እንግዳ ጠላት አይደለም፤ አሳየው ብሎ የሚያስገባው ባለቤትም ሞኝ አይደለም። ከሁለቱ መካከል ቀጠሮ፣ መታወቂያ፣ እውነተኛ ቃልና የተጻፈ ውል ካሉ፣ እንግዳው ተኝቶ ያድራል፤ ባለቤቱም ሳይሰጋ ያድራል። አባቶቻችን ያለ ዋጋ ያሳደሩትን መንገደኛ ከክፉ ሁሉ እየጠበቁ ያሳድሩት ነበር፤ እኛ ደግሞ ዋጋ ተቀብለን የምናሳድረውን ከዚያ ባነሰ ጥንቃቄ ልናሳድረው አይገባንም።