ከሐኪም የሚደበቅ የቁንጅና ቀዶ ሕክምና

“ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገው ያውቃሉ?” ለቀዶ ሕክምና የቀረበ ታካሚ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ብዙዎች ትርፍ አንጀታቸው መውጣቱን ወይም በኦፕራሲዮን መውለዳቸውን ሳያቅማሙ ይናገራሉ። ስለተስተካከለው አፍንጫቸው፣ ጡታቸው ውስጥ ስለገባው ሲሊኮን ወይም ፊታቸው ላይ ስለተወጉት መርፌ ሲሆን ግን “የለም” ብለው ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ስለሚያፍሩ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ለቁንጅና የተደረገን ነገር ከሕክምና ስለማይቆጥሩት ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው ብሂል ለእነዚህም ይሠራል።

ሐኪሙ ይህን የሚጠይቀው ለመታዘብ ወይም ለመፍረድ አይደለም። አንድ ጊዜ በስለት የተነካ የሰውነት ክፍል እንደ ድሮው አይሆንም። ጠባሳ ተለያይተው የነበሩትን የሥጋ ንብርብሮች እርስ በርስ ያጣብቃል፤ የደም ሥሮች ይቆረጣሉ፤ ነርቮችም ከቦታቸው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ሁለተኛው ሐኪም ይህን ሳያውቅ ከገባ፣ መንገዱ የተቀየረበትን ከተማ በአሮጌ ካርታ እንደሚዞር ሰው ነው።

አፍንጫና ፊት

አፍንጫን ለማስተካከል ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ የሚወሰድ ካርቲሌጅ (ለስላሳ አጥንት) ነው። በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ይህ ካርቲሌጅ ተወስዶ ከሆነ ለሁለተኛው የሚተርፍ ላይኖር ይችላል። ያኔ ከጆሮ ወይም ከጎን አጥንት መውሰድ ግድ ይሆናል። ይህ ደግሞ ሌላ ቁስል፣ ረዘም ያለ የሰመመን ጊዜና ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው። ታካሚው አስቀድሞ ከተናገረ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ይገባል፤ ካልተናገረ ግን ጉዳዩ የሚታወቀው አፍንጫው ከተከፈተ በኋላ ነው።

መርፌም ቢሆን ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ቦቶክስ ጡንቻን አዝሎ የሚያቆየው ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅንድብ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የዐይን ቆብ ለማስተካከል የሚለካ ሐኪም መቆረጥ ያለበትን ቆዳ አሳስቶ ሊገምት ይችላል። ፊትን ለመሙላት ከሚወጉት ነገሮች ውስጥ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሠሩት በሌላ መርፌ ሊሟሟ ይችላሉ። ፈሳሽ ሲሊኮን ግን እንዲህ አይሟሟም። ከቦታው ሊንሸራተት፣ ሊያብጥና ከዓመታት በኋላም ሊቆጣ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲሊኮንን እየወጉ ዳሌና መቀመጫ ማሳበጥ ለከባድ ጉዳትና ለሞት ሊዳርግ እንደሚችል በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ጡትና ሆድ

ጡታቸው ውስጥ ሲሊኮን ያስገቡ ሴቶች ለማሞግራፊ ምርመራ ሲሄዱ አስቀድመው መናገር አለባቸው። ሲሊኮኑ ከፊሉን የጡት ክፍል ስለሚጋርድ ባለሙያው ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተጨማሪ ምስል ማንሳት ያስፈልገዋል። ካልተነገረው አንድ ትንሽ ዕጢ ከሲሊኮኑ ጀርባ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ለናሙና መርፌ የሚያስገባ ሐኪምም ሲሊኮኑን ሊበሳው ይችላል።

የሲሊኮኑን ዓይነት ማወቅም ያስፈልጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም ተደርሶበት ምርቱ ከገበያ ታግዷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የተሰኙትን ሸካራ ገጽ ያላቸው ሲሊኮኖች ከዓለም ገበያ ሰብስቧል፤ ምክንያቱም በሲሊኮኑ ዙሪያ ከሚነሳ አልፎ አልፎ የሚከሰት የሊምፎማ ካንሰር ጋር ተያይዘው ነበር። ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በጡት እብጠት ነው። የምን ምርት እንደገባላት የምታውቅ ሴት ለሐኪሟ ትነግራለች፤ የማታውቅ ወይም የምትደብቅ ግን እብጠቱ ሌላ ነገር ተብሎ ጊዜ ሊባክን ይችላል።

የሆድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። የጡት ካንሰር ይዟት ጡቷ የተቆረጠ ሴት አዲስ ጡት ከሚሠራላት መንገድ አንዱ የራሷን የታችኛው ሆድ ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ማዛወር ነው። ከዚህ ቀደም ቦርጭ ለማስወገድ ሆዷን ያስቆረጠች ከሆነ ግን ያ ሥጋ ተጥሏል፤ ይመግቡት የነበሩት የደም ሥሮችም ተቆርጠዋል። በመሆኑም ይህ መንገድ በአብዛኛው ዝግ ነው። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ከጀርባ፣ ከጭን ወይም በሲሊኮን የሚሠራበትን ዘዴ ከመጀመሪያው ያቅዳል።

ቅባትና መርፌም ይነገራል

እኛ ዘንድ በጣም የሚዘነጋው የፊት ማቅያ ቅባት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ያሉባቸው አሉ። ለረጅም ጊዜ በሰፊው ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ። ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሊያዳክሙም ይችላሉ፤ ያኔ በኦፕራሲዮን ጊዜ የደም ግፊት ድንገት ሊወርድ ይችላል። ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። “ቅባት ብቻ ነው” ብሎ ዝም ማለት የሰመመን ባለሙያውን ሳያስጠነቅቁት አደጋ ውስጥ መክተት ነው።

ለመክሳት የሚወሰዱ እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መርፌዎችም እንዲሁ ናቸው። ጨጓራ ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ስለሚያደርጉ፣ ታካሚው በሥርዓቱ ጾሞ ቢመጣ እንኳ ሆዱ ባዶ ላይሆን ይችላል። ሰመመን ሲሰጠው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ በ2023 እ.ኤ.አ. ማሳሰቢያ አውጥቷል።

ከጥቁር ሕዝቦች ዘንድ በርከት ብሎ የሚታየው ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳም ይነገር። ጆሮ ሲበሳ እንኳ ያበጠበት ሰው ፊቱን ከመቆረጡ በፊት ሐኪሙ ሊያውቅለት ይገባል። የቅንድብ ንቅሳትም ለኤምአርአይ ባለሙያ መነገር አለበት፤ አንዳንድ ቀለሞች ብረት ስላለባቸው በምርመራው ጊዜ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ውጭ አገር የተደረገ ከሆነ

ለሕክምና ወደ ታይላንድ፣ ሕንድ፣ ቱርክ ወይም ዱባይ የሚጓዝ ሰው መረጃው እዚያው ይቀራል። ዝምታው ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት የ2023ቱን የሜክሲኮ ክስተት ማስታወስ ይበቃል። ማታሞሮስ በምትባለው ከተማ ባሉ ሁለት ክሊኒኮች በጀርባ የሚሰጥ ሰመመን ተወግተው እንደ ስብ ማስመጠጥ ያሉ ሕክምናዎች ያደረጉ ሰዎች በፈንገስ ማጅራት ገትር ተይዘው የሞቱም ነበሩ። በሽታው በራስ ምታት ሊጀምር፣ ምልክቱም ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ የጤና ባለሥልጣናት በእነዚህ ክሊኒኮች የታከሙ ሁሉ ምልክት ባይኖራቸውም እንዲመረመሩ ጥሪ አድርገው ነበር። ራስ ምታት ይዞት ሐኪም ዘንድ ሄዶ የት ምን እንደተደረገለት የማይናገር ሰው ምን ያህል ጊዜ ሊያጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እንዴት ይናገሩ?

አገራችን ውስጥ ታካሚ ወደ ሐኪም የሚገባው ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ነው። ባል የማያውቀውን፣ እናት ያልሰማችውን ነገር በእነሱ ፊት መናገር እንደሚከብድ ግልጽ ነው። መፍትሔው መዋሸት ሳይሆን “ዶክተር፣ ለብቻዬ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ” ማለት ነው። የታካሚን ምስጢር መጠበቅ የሐኪም የሙያ ግዴታ ነው። መጀመሪያ “የለም” ብለው ከነበረም ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እስኪገቡ ድረስ ማረም ይቻላል።

ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ የተደረገውን፣ ዓመቱንና ቦታውን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። የሲሊኮኑ ካርድ፣ የቀድሞው ሐኪም የጻፈው የኦፕራሲዮን ሪፖርት፣ የቀድሞ ፎቶግራፍ ካለ ይጨምሩ። ምን እንደተወጉ ካላወቁ “ተወግቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም” ይበሉ። ይህም ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ቅባትና የባህል መድኃኒት፣ ሲጋራ ማጨስዎንም አይርሱ። በቀድሞው ኦፕራሲዮን በሰመመን ወይም በመድማት የገጠመዎት ችግር ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ።

በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የቆዳው ጠባሳ ራሱ መናገሩ አይቀርም። ልዩነቱ ሐኪሙ የሚሰማው ሲዘጋጅ ነው ወይስ ቢላ ከያዘ በኋላ የሚለው ነው። ለመናገር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ዝምታው የሚያስከፍለው ግን ሕይወትም ሊሆን ይችላል።