ሐዋሳ ወይስ ድሬዳዋ? ብቻዋን ሻንጣ ለምታነሳ ልጅ

ከተማ መምረጥ ባል ከመምረጥ ይከብዳል ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ባልን እንኳ ዘመድ ያጣራልሻል! ስለ ከተማ ግን "ጠባይዋስ እንዴት ነው?" ብሎ የሚጠይቅልሽ የለም።

ነገሩን ያነሳሁት አንዲት የ24 ዓመት የደሴ ልጅ ምክር ስለጠየቀችኝ ነው። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላት። ሁለት ሥራ ተገኝቶላታል፤ አንዱ ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ፣ ሌላው ድሬዳዋ አንድ አስመጪ ዘንድ። ደሞዙ ተቀራራቢ ነው። በሁለቱም ከተማ ዘመድ የላትም። በእጇ ያለው የሁለት ወር ወጪ ብቻ ነው፤ እሱንም እናቷ ከዕቁብ ያወጡላት። ባዶ እጇን ብትመለስ የሚጠብቃት የማትፈልገው ጋብቻ ነው።

ልቧ ሐዋሳ ነው። ማን ይፈርድባታል? ሐይቁ አለ፣ አየሩ ለስላሳ ነው፣ ከአዲስ አበባም 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኔ ግን ሐይቁን ትቼ ስለ ፋብሪካው ጠየቅኋት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ ጎረፉ። የቤት ኪራይ ናረ፤ አንዲት ክፍል ለአራት መከራየት የተለመደ ሆነ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣት ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ጥፋቱ የሐዋሳ አይደለም። ግን ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ፊቱን ሲያዞር እንጀራሽ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የሁለት ወር ስንቅ ይዞ እዚያ መግባት ያስፈራል።

ድሬዳዋስ? ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። የደሴ ብርድ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ ያጣል። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ጋደም ይላል። ይሁን እንጂ ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። የጅቡቲ ዕቃ ያልፍባታል፤ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣናም ተከፍቶባታል። ሒሳብ የምታውቅ ልጅ አንዱ ነጋዴ ቢያሰናብታት ሌላ መጋዘን ሄዳ ታንኳኳለች። እኔ ብሆን ድሬን እመርጣለሁ፤ ብያታለሁም።

ሰዉስ? "አንቱ" እያለች ላደገች ልጅ መጀመሪያ ግር ይላታል። ድሬ ላይ ሽማግሌውንም "አንተ" ነው የሚሉት። ንቀት እንዳይመስልሽ! ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው በአንድ ወሬ ይደባለቃል፤ እንግዳ ነሽ ብሎ የሚያፈጥብሽም ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ድሬን አልጋ ላይ አውለዋታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻ አይበቃም። ውኃ የምታጠራቅሚበትን በርሜል ክደኚው።

ቤት ስትከራዪም ርካሽ ነው ብለሽ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንዳትገቢ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ጎረቤት ያሉትን እናት "ያኔ ውኃው እስከ የት ደርሶ ነበር?" ብለሽ ጠይቂያቸው።